ዕቃው 8 ሸቀል፣ ማድረሻው 30 ሸቀል፦ የፖስታ ሒሳብ ከየት መጣ?

 

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሳናውቀው በየወሩ ከኪሳችን ስለሚወጣ ገንዘብ ነውና ጊዜ ሰጥተን ልንነጋገርበት ይገባል። ልጃችሁ ስልኩን ይዞ ይመጣና «እማዬ፣ ይህ የስልክ ሽፋን 8 ሸቀል ብቻ ነው፤ ከቻይና ድረስ በነፃ ይልኩታል» ይላችኋል እንበል። በሳምንቱ ደግሞ ያንኑ የመሰለ ሽፋን እዚሁ አገር ካለ ሱቅ በኢንተርኔት ልታዝዙ ስትሉ፣ ዕቃው 8 ሸቀል፣ ቤት ድረስ ማምጫው ግን 30 ሸቀል ነው ትባላላችሁ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እየተባለ ላደገ ሰው ይህ ነገር ግራ ያጋባል። ባሕር አቋርጦ የሚመጣው እንዴት ከጎረቤት ከተማ ከሚመጣው ረከሰ? አንዱ ሻጭ ደግ፣ ሌላው ስግብግብ ስለሆነ ነውን?

አይደለም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እዚህ አገር በምንጠቀምበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ በልባችሁ ያዙ። ደብዳቤም ሆነ ዕቃ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው ሲሄድ የመንገዱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ላኪው ነው? ተቀባዩ ነው? ወይስ ነገሩን የማያውቅ ሦስተኛ ሰው? የፖስታ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

በጎንደር ገጠር ያደጋችሁ እንደምታስታውሱት፣ መልእክት የሚሄደው በመንገደኛ እጅ ነበር። ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው ይፈለግና ደብዳቤው በአደራ ይሰጠዋል። ገንዘብ አይከፈለውም። ነገር ግን ላኪው ስንቅ ይቋጥርለታል፤ የሚደርስበት ቤትም እግሩን አጥቦ፣ አብልቶ ያሳድረዋል። እንግዲህ ያ መልእክት በነፃ አልሄደም ማለት ነው። ዋጋው በእንጀራና በመኝታ ተከፍሏል። ይህን አትርሱ፤ «በነፃ» ወደሚለው ቃል ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር እንሂድ። የዛሬው የፖስታ አሠራር የተጀመረው እዚያ ነውና።

ከ1840 በፊት በእንግሊዝ አገር አብዛኛውን ጊዜ የደብዳቤውን ዋጋ የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ዋጋውም የሚሰላው በመንገዱ ርቀትና በወረቀቱ ብዛት ነው። ከለንደን ወደ ኤድንብራ የሚሄድ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከ1 ሽልንግ በላይ ያስከፍል ነበር። ይህም ከአንድ የጉልበት ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ብዙ የሚያንስ አልነበረም። ስለዚህ ድሃ ሰው ደብዳቤ ሲመጣለት ከደስታው ይልቅ ጭንቀቱ ይበልጥ ነበር። ፖስተኛው በር ላይ ቆሞ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ከሌለ ደብዳቤው ይመለሳል።

በዚያ ዘመን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ኮልሪጅ የተባለው ባለቅኔ በመንገድ ሲያልፍ አንዲት ሴት ከወንድሟ የመጣላትን ደብዳቤ መክፈል አልችልም ብላ ለፖስተኛው ስትመልስ ያያል። አዝኖም ከኪሱ ይከፍልላታል። ፖስተኛው ሲሄድ ሴትዮዋ ደብዳቤውን ከፍታ አሳየችው፤ ውስጡ ባዶ ወረቀት ነበር። ለካ ከወንድሟ ጋር ተስማምተው ኖሯል። ባዶ ወረቀት ከመጣ ደኅና ነኝ ማለት ነው፤ እርሷም በሩ ላይ አይታ ትመልሰዋለች። ሳይከፍሉ ደኅንነታቸውን የሚነጋገሩበት ዘዴ ነበር።

ሮውላንድ ሂል የተባለው የቀድሞ መምህር ይህን የመሳሰለውን ሁሉ አጥንቶ በ1837 አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሒሳቡን ሲመረምር ያገኘው ነገር ብዙዎችን አስገረመ። አንዱን ደብዳቤ ከለንደን ኤድንብራ ለማጓጓዝ ብቻ የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ፔኒ 36ኛ እጅ ያህል ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ዋጋ ከየት መጣ? መንገዱ አልነበረም ውድ። ውድ የሆነው የሰው ሥራ ነው፤ እያንዳንዱን ደብዳቤ መመዝገብ፣ ርቀቱን ማስላት፣ በመጨረሻም ፖስተኛው በየበሩ ቆሞ ገንዘብ እስኪሰጠው መጠበቅ።

በሂል ሐሳብ መሠረት ከጥር 10 ቀን 1840 ጀምሮ ግማሽ ኦንስ ወይም 14 ግራም ያህል የሚመዝን ደብዳቤ፣ በአገሪቱ ውስጥ የትም ቢሄድ፣ አስቀድሞ ከተከፈለ ዋጋው 1 ፔኒ ብቻ ሆነ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የመጀመሪያው የሚለጠፍ ቴምብር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከፋዩ ላኪው ሆነ። በ1839 በዓመት 76 ሚሊዮን ያህል የነበረው የደብዳቤ ቁጥር በ1840 ወደ 169 ሚሊዮን ከፍ አለ። ልብ በሉ፤ ሰዎቹ ከዚያ በፊትም ዘመዶቻቸውን ይናፍቁ ነበር። ዝም ያሰኛቸው ዋጋው ነው።

ይህ በአንድ አገር ውስጥ ነው። ደብዳቤው ድንበር ሲያልፍ ግን ሌላ ችግር ነበር። እያንዳንዱ አገር የራሱን ድርሻ ይጠይቅ ስለነበር፣ ዋጋው ደብዳቤው በሚያልፍባቸው አገሮች ብዛት ይወሰን ነበር። ይህን ለማስተካከል ሃይንሪክ ፎን ሽቴፋን የተባለ ጀርመናዊ የፖስታ ሹም ባደረገው ጥረት፣ ጥቅምት 9 ቀን 1874 በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ 22 አገሮች ውል ተፈራረሙ። ማኅበሩም በ1878 የዓለም የፖስታ ኅብረት ተባለ። ዋናው ስምምነት ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ አገር ከላኪው የተቀበለውን ገንዘብ ለራሱ ያስቀራል፤ ከሌላ አገር የሚመጣለትን ደግሞ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለባለቤቱ ያደርሳል። ደብዳቤ መልስ አለው፤ ዛሬ እኔ ያንተን ባደርስ ነገ አንተ የእኔን ታደርሳለህ የሚል እምነት ነበር።

ይህ ኅብረት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት የራሳችንን ምሳሌ እንውሰድ። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ፖስታ በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተቋቋመ። ቴምብሮቹ በፓሪስ ታተሙ፤ በአንዳንዶቹ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌሎቹ ላይ የይሁዳ አንበሳ ነበረባቸው። ነገር ግን አገሪቱ ገና የኅብረቱ አባል ስላልነበረች ያ ቴምብር ከድንበር ውጭ አይሠራም ነበር። ወደ ውጭ አገር የሚጽፍ ሰው ከኢትዮጵያው ቴምብር ሌላ፣ ጂቡቲን ይገዙ የነበሩትን የፈረንሳዮች ቴምብር ጨምሮ መክፈል ነበረበት። በአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ መክፈል ማለት ነው። ኢትዮጵያ በኅዳር ወር 1908 ኅብረቱን ከገባች በኋላ የራሷ ቴምብር ብቻውን ዓለምን መዞር ቻለ።

እስራኤልም ብትሆን ከተመሠረተች በሁለተኛው ቀን፣ ግንቦት 16 ቀን 1948፣ የራሷን ቴምብር አወጣች። ቴምብሮቹ ሲታተሙ የመንግሥቱ ስም ገና አልተወሰነም ነበርና የተጻፈባቸው «ዶአር ዒቭሪ» ማለትም «የዕብራውያን ፖስታ» የሚል ነው። በ1949 ኅብረቱን ገባች።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ደብዳቤ ነው። ዕቃ በፖስታ መላክ ሲጀመር ደግሞ ነገሩ ተለወጠ። በአሜሪካ እስከ 1912 መጨረሻ ድረስ መንግሥት በፖስታ የሚወስደው ከ4 ፓውንድ፣ ማለትም 2 ኪሎ ግራም ከማይሞላ ጥቅል አይበልጥም ነበር። ከዚያ በላይ የሆነውን የሚያጓጉዙት የግል ኩባንያዎች ስለነበሩ በገጠር የሚኖረው ገበሬ ብዙ ይከፍል ነበር። ጥር 1 ቀን 1913 የመንግሥት የጥቅል ፖስታ ሲጀመር፣ ገበሬው በሥዕል የተሞላ የዕቃ መጽሐፍ ከፊቱ ዘርግቶ ጫማና ልብስ በፖስታ ያዝዝ ጀመር። ዛሬ ልጆቻችን በስልክ የሚያደርጉትን እርሱ ያን ጊዜ በወረቀት ያደርገው ነበር።

ነገር ግን ተመኑ ከእውነተኛው ወጪ ሲያንስ ሰው ክፍተቱን ቶሎ ያያል። በ1914 በአይዳሆ ክፍለ ግዛት አንዲት የ5 ዓመት ልጅ ወላጆቿ ለባቡር ቲኬት ከመክፈል ብለው በጥቅል ተመን በፖስታ ላኳት። የ53 ሳንቲም ቴምብር ካፖርቷ ላይ ተለጥፎ፣ ዘመዷ የሆነ የፖስታ ሠራተኛ እየጠበቃት ከአያቷ ቤት በሰላም ደረሰች። በ1916 ደግሞ በዩታ ክፍለ ግዛት ቨርናል በምትባል ከተማ ባንክ የሚሠሩ ሰዎች፣ በጋሪ ከማስጫን በፖስታ መላክ እንደሚረክስ አወቁ። በሺዎች የሚቆጠር ጡብ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ያህል በሆኑ ጥቅሎች ከሶልት ሌክ ከተማ በፖስታ አስመጡ። ሕንፃው ቆመ፤ ኪሳራውን ግን የተሸከመው ፖስታ ቤቱ ነው። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው ለአንድ ሰው በቀን ከ200 ፓውንድ፣ 90 ኪሎ ያህል፣ በላይ እንዳይልክ ከለከለ።

ይህን የጡብ ታሪክ ያዙልኝ። በእኛ ዘመን የሆነውም ይኸው ነውና።

ደብዳቤ መልስ አለው የሚለው የ1874 እምነት እየቆየ አልሠራም። አንዳንዱ አገር የሚልከው ብዙ፣ የሚቀበለው ጥቂት ሆነ። ብዙ የሚቀበሉት አገሮች «የሌላውን ሸክም በየቤቱ የምናደርሰው እኛ ነን» ብለው አመለከቱ። ስለዚህ በ1969 በቶኪዮ በተደረገው ጉባኤ ላኪው አገር ለተቀባዩ አገር የማድረሻ ሒሳብ እንዲከፍል ተወሰነ። ከጊዜ በኋላም ታዳጊ አገሮች ዝቅ ያለ ተመን እንዲከፍሉ ተፈቀደ። እስከ 2 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ ጥቅል ደግሞ ከደብዳቤ ጋር ተቆጥሮ በዚሁ ሒሳብ ይሄድ ነበር።

በዚያን ጊዜ ይህ ለድሃ አገሮች የተደረገ መልካም ነገር ነበር። ኢንተርኔት ሲመጣ ግን ክፍተቱ ገበያ ሆነ። ቻይና በዚህ ዝቅተኛ ተመን ከሚጠቀሙት አንዷ ስለነበረች፣ ከዚያ የሚነሣ ትንሽ ጥቅል በሌላው ዓለም የሚደርሰው አገር ውስጥ ከሚላከው ባነሰ ዋጋ ነበር። አንድ አሜሪካዊ የኩባያ ነጋዴ ኩባያውን እዚያው አገሩ ውስጥ ለደንበኛ ለመላክ ብቻ ከ6 ዶላር በላይ ይከፍል ነበር። የእርሱን ኩባያ አስመስለው የሠሩት ግን ከቻይና ዕቃውንም ማድረሻውንም ጨምረው ከ6 ዶላር በታች ይሸጡ ነበር። ልክ እንደ ቨርናሉ ጡብ፣ ልዩነቱን የሚሸከም ሌላ ሰው ነበረ፤ የተቀባዩ አገር ፖስታና በእርሱ የሚጠቀመው የአገሩ ላኪ።

በጥቅምት 2018 አሜሪካ ከኅብረቱ እወጣለሁ ብላ አስታወቀች። በመስከረም 2019 በጄኔቫ አስቸኳይ ጉባኤ ተደርጎ፣ ብዙ ጥቅል የሚቀበሉ አገሮች የማድረሻ ተመናቸውን ደረጃ በደረጃ ራሳቸው እንዲወስኑ ተስማሙ። አሜሪካ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ይህን ሠራችበት። በነሐሴ 2025 ደግሞ ዋጋቸው እስከ 800 ዶላር የሆኑ ጥቅሎች ያለ ቀረጥ የሚገቡበትን ፈቃድ ስታነሣ፣ የብዙ አገሮች ፖስታ ቤቶች ወደ አሜሪካ ጥቅል መቀበል ለጊዜው አቆሙ። የትንሽ ጥቅል ሒሳብ የመንግሥታት ክርክር እስከ መሆን ደረሰ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ተመኑ ከተስተካከለ በኋላም ከሩቅ የሚመጣው ዕቃ የሚረክስበት ሌላ ምክንያት አለ። ትላልቆቹ ሻጮች በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቅሎችን በአንድ አውሮፕላን ያስጭናሉ፤ ወጪው ለብዙ ሰው ይካፈላል። ብዙ ጊዜም ጥቅሉ የሚደርሰው እቤታችሁ ሳይሆን በሰፈራችሁ ካለ ሱቅ ነው፤ የመጨረሻውን መንገድ በእግራችሁ ሄዳችሁ የምትጨርሱት እናንተ ናችሁ። የቅርቡ ሱቅ ግን ለአንዲት ሽፋን ብሎ ሰው በመኪና ይልካል። ያ ሰው ቤንዚን ያቃጥላል፣ አድራሻ ይፈልጋል፣ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፤ ቤት ካላገኛችሁም ተመልሶ ይመጣል። ሮውላንድ ሂል በ1837 ያየው ይህንኑ ነበር። ውዱ መንገዱ ሳይሆን በር ላይ የሚቆመው ሰው ጊዜ ነው።

«በነፃ ማድረስ» የሚባለውስ? ያ መንገደኛ በእንጀራና በመኝታ እንደተከፈለው ሁሉ፣ ይህም በአንድ በኩል ይከፈላል። ወይ በዕቃው ዋጋ ውስጥ ተጨምሯል፤ ወይ «ከ150 ሸቀል በላይ ለገዛ» ተብሎ የማትፈልጉትን ዕቃ እንድትጨምሩ ያደርጋችኋል። የ20 ሸቀል ማድረሻ ላለመክፈል ብሎ የ60 ሸቀል የማያስፈልግ ዕቃ የጨመረ ሰው 40 ሸቀል ከሰረ እንጂ አላተረፈም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በስልኩ ላይ እነዚህን የዕብራይስጥ ቃላት ፈልጉ። «ድሜይ ሚሽሎአሕ» ማለት የማድረሻ ክፍያ ነው። «ሚሽሎአሕ ሒናም» ማለት በነፃ ማድረስ ነው። «ኢሱፍ ዓጽሚ» ማለት ራሳችሁ ሄዳችሁ የምትወስዱት ነው፤ ብዙ ጊዜ ረክሶ የሚገኘው እርሱ ነው። «ሳኽ ሃኮል» ማለት ጠቅላላ ድምር ነው። ልታወዳድሩ የሚገባችሁ ድምሩን ከድምሩ ጋር እንጂ የዕቃውን ዋጋ ብቻ አይደለም። ከጎረቤትና ከዘመድ ጋር አንድ ላይ ማዘዝም አንዱን ማድረሻ ለብዙ ቤት ያካፍላል።

ከውጭ አገር ስታዝዙ ደግሞ ግብርን አስቡ። በአገር ቤት ቫት የምንለው እዚህ ማዓም ይባላል፤ ከጥር 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ሆኗል። ለግል ጥቅም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ከማዓም ነፃ የሚሆንበት ጣሪያ ለብዙ ዓመታት 75 ዶላር ነበር። ይህ ጣሪያ በመንግሥት ውሳኔ የሚለወጥ ነውና ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት የወቅቱን ጠይቁ።

ደግሞም መብታችሁን እወቁ። በ1981 በወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት፣ ከእስራኤል ሻጭ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የገዛችሁትን አብዛኛውን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ። ወደ አገር ከገባ 5 ዓመት ያልሞላው ዖሌ ሐዳሽ ከሻጩ ጋር በቃል ወይም በኤሌክትሮኒክ መልእክት ተነጋግሮ የገዛ ከሆነ፣ ጊዜው ወደ 4 ወር ይረዝምለታል። ዕቃው ጉድለት ሳይኖረው ሐሳባችሁን ብቻ ለውጣችሁ ከሆነ፣ የስረዛው ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም ከ100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው አይበልጥም። ባሕር ማዶ ባለ ሻጭ ላይ ግን ይህን ማስከበር አስቸጋሪ ነው። የ8 ሸቀል ዕቃ ተበላሽቶ ቢመጣ፣ ለመመለስ የሚወጣው ገንዘብ ዕቃውን ደጋግሞ ይገዛው ይሆናል።

አንድ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አለን። «ጥቅልህ ተይዟል፤ ጥቂት ሸቀል ክፈልና ይለቀቃል» የሚል መልእክት በፖስታ ስም ወደ ስልካችሁ ቢመጣ፣ የተላከበትን መስመር ነክታችሁ የካርዳችሁን ቁጥር አትስጡ። ሌቦች የሚፈልጉት ጥቂቱን ሸቀል ሳይሆን ቁጥሩን ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ወደ ፖስታ ቤት ሂዱና ጠይቁ። «ካልተናገሩ ደጅ አዝማችነት ይቀራል» ይባላልና መጠየቅ አያሳፍርም።

ያቺ በባዶ ወረቀት የወንድሟን ደኅንነት ታውቅ የነበረች ሴት የተቸገረችው ዋጋው በግልጽ በሩ ላይ ቆሞ ስለሚጠይቃት ነበር። የእኛ ችግር ተቃራኒው ነው፤ ዋጋው ተሸሽጎ ይገባል። አንድ ጊዜ 12 ሸቀል፣ አንድ ጊዜ 30 ሸቀል እያለ፣ ወሩ ሲያልቅ ለልጆች መጽሐፍ የታሰበውን ይወስዳል። በነፃ የሚሄድ መልእክት በአባቶቻችን ዘመንም አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ስለዚህ ልጃችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩን ይዞ ሲመጣ አትቆጡት፤ አጠገባችሁ አስቀምጡትና «የመንገዱን የሚከፍለው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ዕብራይስጡን እርሱ ያንብብላችሁ፤ ሒሳቡን እናንተ አስተምሩት።